ጋሽ በላቸው ያልደፈኑት ነጥብ

ጀማል ከጭሮ ሲደውልልኝ አዳማ በምሠራበት ሆስፒታል የአንዲት አራስ ሙቀት እየለካሁ ነበር። «ሲስተር፣ ጋሼ ሄዱ» አለኝ። የት ሄዱ ልለው አፌን ከፍቼ ድምፁን ሳስተውል ተውኩት። ጠዋት ዳቦ ሊያደርስላቸው ሄዶ በር ቢያንኳኳ መልስ አጣ። ከፍቶ ሲገባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ አልጋቸው ላይ አርፈው አገኛቸው። ቀብሩ ነገ ነው፣ የእህታቸው ልጅ ከድሬዳዋ እየመጣች ነው። ይህን ነግሮኝ ሲያበቃ «አንድም ፎቶ የላቸውም። እርሳስሽን ይዘሽ ነይ» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ከመርዶው ይልቅ ይህች የመጨረሻዋ ቃል ናት የከበደችኝ። ጭሮ ውስጥ ፎቶ ሳይኖረው ለሞተ ሰው ፊት የሚስሉለት ጋሽ በላቸው ራሳቸው ነበሩ። አሁን ለእሳቸው የምስለው እኔ ልሆን ነው።

ጭሮ የሄድኩት ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ነው። ሥራውን ወደድኩት፣ ቅዳሜን ግን አልቻልኩትም። ጫት ለማይቅም ሰው የጭሮ የቅዳሜ ከሰዓት በጣም ረጅም ነው። ወደ ሥራ የሚያመላልሰኝ ባለባጃጅ ጀማል አዘነልኝ መሰለኝ አንድ ቀን «የሰው ፊት መሳል የሚያስተምሩ ሽማግሌ አሉ፣ እኔም እዚያ ነኝ» አለኝ። እሱ የፈለገው ባጃጁ ጀርባ ላይ የሚወደውን ኳስ ተጫዋች ለመሳል ነበር። እኔ ምን እንደፈለግኩ እስከ ዛሬም አላውቅም።

ጋሽ በላቸው ጡረታ የወጡ የስዕል አስተማሪ ናቸው። በአቅራቢያው ባሉት በደሳና ቦኬ አስተምረዋል ይባላል፣ ከዚያ በፊት የት እንደነበሩ ግን የሚያውቅ የለም። ከባጃጅ ጋራዥ ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ የሚል ሰው ነበሩ። ጥቁር የሱፍ ኮፍያቸውን ጆሯቸውን ሙሉ በሙሉ እስኪሸፍን ድረስ ጎትተው ያጠልቁታል፣ በሐሩር ቀንም አያወልቁትም። ጀማል «ወላሂ ጋሼ ጆሮ የላቸውም» እያለ ይቀልድ ነበር። ስልኩን አንስቶ ፎቶ ሊያነሳቸው ሲል ደግሞ ሳይቆጡ፣ ሳይናገሩ ዘወር ይላሉ። ስልኩ ላይ ያሉት የጋሽ በላቸው ፎቶዎች ሁሉ ማጅራት ናቸው።

የመጀመሪያ ቀን ወረቀት ሰጡንና «አንድ ፊት ሳሉ፣ የማንንም ይሁን፣ ከልባችሁ አውጡት» አሉን። እኔ ፂም ያለው ጎልማሳ ሳልኩ። መጥተው ቆመው አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ደግመው ወረቀቱን አዩ።

«ሲስተር፣ ራስሽን ነው የሳልሽው።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። በአውራ ጣታቸው ፂሙን ሸፈኑት። ከወረቀቱ ላይ የገዛ ዓይኔ ያየኝ ጀመር።

«ጀማሪ ሁሉ እንዲህ ነው» አሉ። «እጃችሁ የሚያውቀው አንድ ፊት ብቻ ነው። እስክትማሩ ድረስ ማንንም ብትስሉ የምትወጡት እናንተው ናችሁ።»

የተማሪዎቻቸውን የመጀመሪያ ስዕል ሁሉ ግድግዳው ላይ ይለጥፉት ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ዞር ባልን ቁጥር አንገታቸው የተጣመመ፣ አንድ ዓይናቸው ከሌላው የበለጠ ፊቶች ያዩናል፤ የአንዳንዶቹ ባለቤቶች ከተማውን ለቀው ከሄዱ ዓመታት ሆኗቸዋል። ጀማል ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ መቀመጥ አይወድም ነበር።

እንደ አስተማሪ ግን ግልጽ ሰው ነበሩ። ፊትን እንቁላል አድርጉ፣ በመሐሉ መስመር አስምሩ፣ ዓይን እዚያ ላይ ነው ይላሉ። ጀማሪ ግን ዓይንን ሁልጊዜ ግንባር ላይ ይሰቅለዋል። በሁለቱ ዓይኖች መሐል አንድ ዓይን የሚያስገባ ቦታ ተዉ። አፍንጫ በመስመር አይሳልም፣ ጥላው ከተሳለ ራሱ ይመጣል። ከንፈርንም ዙሪያውን አትክበቡት፣ ከታችኛው ከንፈር ሥር ያለውን ጥላ ፈልጉ። ስዕሉ እምቢ ካላችሁ ገልብጡት፤ ሲገለበጥ የሰው ፊት መሆኑን ትረሱታላችሁ፣ ያኔ እጃችሁ ከራሳችሁ ፊት ነፃ ይወጣል። ሲለኩ ቀኝ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ እርሳሱን ቀጥ አድርገው ያቆሙታል። በዚያ እርሳስ መለካት ደስ አይልም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የተለካው የፊታችን ቦታ ቀዝቀዝ ይል ነበር። እኔ በቴርሞሜትር የማምን ሰው ነኝ፣ ቢሆንም ይቀዘቅዛል።

ስለ ጆሮ ግን አንድ ቀን ሙሉ አስተማሩን። «ከቅንድብ ይጀምራል፣ የአፍንጫ ግርጌ ላይ ያልቃል። ግን የማንም ሰው ሁለት ጆሮ እኩል አይደለም። የትኛው ዝቅ እንደሚል ካላወቅሽ ሰውየውን አላየሽውም ማለት ነው።» ጀማል ኮፍያቸውን እያየ ሳቁን ዋጠ።

የመጨረሻው ትምህርት የዓይን ብርሃን ነበር። ብሌኑን ስታጠቁሩ አንዲት ነጭ ነጥብ ሳትነኩ ተዉ፣ ፊቱን በሕይወት የምታቆመው እሷ ናት አሉን። ከዚያ፣ የሞተ ሰው ሲሆን ግን ነጥቧ ትደፈናለች አሉ። ይህን የነገሩን ቀለል አድርገው ነው፣ ስለ አፍንጫ እንደነገሩን።

ይህ የእሳቸው ደንብ ነበር፤ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ፎቶ የሌለው ሰው ሲሞት ወደ ለቅሶ ቤት ይጠራሉ። ዘመዶቹን መስኮት አጠገብ በተራ ያስቀምጡና ከአንዱ አገጭ፣ ከአንዷ ግንባር እየለኩ ሟቹን ይሰበስቡታል። ፊቱ ሲያልቅ እርሳሱን በምላጭ ይቀርጹና፣ ሰው ሁሉ እያየ ሁለቱን ነጥቦች ይደፍናሉ። ለቅሶው የሚፈነዳው ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጥብቀው እርሳሷን ብቻ ያያሉ።

እማማ አስካለን የማውቃቸው በደም ግፊታቸው ነው፣ በየወሩ እኔ ዘንድ ይለኩ ነበር። ልጃቸው ሰብለ ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ደላላ ዕድሜዋን አስጨምሮላት ዓረብ አገር ሄደች። መጀመሪያ ትደውል ነበር፣ ኋላ ስልኳ ጠፋ። ከብዙ ዓመት በኋላ አብራት የነበረች ልጅ ተመለሰችና «ሰብለ ታማ ሆስፒታል ገባች፣ እዚያው አረፈች ሲሉ ሰማሁ» አለች። የእማማ አስካለ ወንድም አቶ ግርማ ሰው ሰብስበው ንጋት ላይ መርዶውን ነገሯቸው፤ ድንኳንም ተተከለ።

አስከሬን የለም። ሰው የሚያለቅሰው ፎቶ ላይ ነው፣ ያለው ፎቶ ደግሞ ሰብለ አራተኛ ክፍል ሳለች ለተማሪ ካርድ የተነሳችው ብቻ ነው፤ የፊት ጥርሷ ወልቋል። እማማ አስካለ አዩትና እንባቸው ቀጥ አለ።

«ይቺማ አልሞተችም» አሉ። «ይቺ እዚሁ ቤት አድጋ፣ ትልቅ ሰው ሆና ነው የሄደችብኝ። የሞተችዪቱን አምጡልኝና ላልቅስላት።»

ጋሽ በላቸው የተጠሩት ለዚህ ነው። እኔም የእማማ አስካለ ግፊት አሳስቦኝ አብሬ ሄድኩ። ጋሽ በላቸው ከጭሮ ልጆች ብዙዎቹን ያስተማሩ ቢሆንም ሰብለን ግን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም፤ ወደ ከተማው የመጡት እሷ ከሄደች በኋላ ነው። እናትየዋንና ታናሽ እህቷን መስኮቱ ሥር አስቀመጧቸው። ለኩ። ሳሉ። ቀስ እያለች አንዲት ጎልማሳ ሴት ወረቀቱ ላይ መጣች። ግንባሯ የእናቷ፣ አገጯ የእህቷ ነው። አንድ ነገር ግን የማናቸውም አልነበረም። የግራ ዓይኗ ቆብ ወርዶ ብሌኑን በከፊል ሸፍኖታል።

ጠጋ ብዬ «ጋሽዬ፣ የግራ ቆቧ ወርዷል እኮ» አልኳቸው።

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ አያስተካክሉትም?»

«እኔ አላወረድኩትም» አሉና መሳል ቀጠሉ።

ሲጨርሱ ምላጯን አውጥተው እርሳሱን ቀረጹ። ጫፉን ወደ ዓይኗ አስጠጉና ቆሙ። እጃቸውን መለሱ። ደግመው አስጠጉ፣ ደግመው መለሱት። ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ እርሳሱን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«እምቢ አለኝ» አሉ።

«ምኑ ነው እምቢ ያለው?» አሉ አቶ ግርማ።

«ዓይኗ።»

እማማ አስካለ ተነስተው ስዕሉን ተቀበሏቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጥቁሩን ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱና ለሰዉ እጅ ነሱ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ደክማችኋል። ግቡ ወደየቤታችሁ። ልጄ አልሞተችም» አሉ። ድንኳኑ በዚያው ቀን ፈረሰ። ለቅሶ በመሐል ሲበተን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሰዉ እርስ በርሱ ሳይተያይ፣ ወንበሩን እየሰበሰበ ወጣ።

አቶ ግርማ በማግስቱ ጋሽ በላቸው ቤት በር ላይ ቆመው ሲለምኗቸው እኔና ጀማል ነበርን። ክፉ ሰው አይደሉም፣ እህታቸው አሳዝናቸው ነው። «አንዲት ነጥብ እኮ ናት፣ ይድፈኗትና እህቴ አልቅሳ ይውጣላት» አሏቸው። ጋሽ በላቸው «ብችል ደፍኜ በመጣሁ» ብለው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት የጠራቸው የለም። አንዳንዱ ጃጁ አለ፣ አንዳንዱ የባሰ ነገር አወራ፤ ተማሪዎቻቸውም አንድ በአንድ ቀሩና እኔና ጀማል ብቻ ቀረን። እማማ አስካለ ስዕሉን በሩ ትይዩ ሰቅለው መጠበቅ ጀመሩ። ተዝካር አላወጡም። በር በተንኳኳ ቁጥር ይነሳሉ። ግፊታቸው በየወሩ ሲጨምር የማየው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ተናደድኩና «ቢሳሳቱስ ጋሽዬ?» አልኳቸው።

«ተሳስቼ ከሆነ አንዲት እናት ልጇን እንዳታለቅስ ከልክያለሁ» አሉ። «ከዚህ የሚብስ ኃጢአት አላውቅም። ሲስተር፣ እኔ እንቅልፍ ያለኝ ይመስልሻል?»

ከዚያ በኋላ አልጠየቅኳቸውም፤ የሚጠይቁት እሳቸው ሆኑ። ወደ አዳማ ከተዛወርኩ በኋላም፣ የእማማ አስካለን ግፊት በስልክ እንደምከታተል ስለሚያውቁ፣ ስደውል ከሰላምታ ቀጥለው የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፦ «እማማ አስካለ ዘንድ የመጣ ወሬ አለ?» የለም ስላቸው «እሺ» ይላሉ። ለመጨረሻ ጊዜ የደወልኩላቸው በቅርቡ ነበር። ያኔም የለም አልኳቸው፣ ያኔም እሺ አሉ። ለቀብሩ ስመጣ ያቺ እሺ ከሚኤሶ ጀምሮ የጭሮን አቀበት እስክንወጣ ድረስ መኪና ውስጥ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ከሰዓት በኋላ ስደርስ አስከሬኑ ተገንዞ አልቋል። የመጨረሻ ተስፋዬ ፊታቸውን አንዴ ማየት ነበር፣ እሱም ቀረ። መታወቂያቸው ላይ ያለችውን ፎቶ ውሃ በልቷታል፣ የሚታየው ኮፍያው ብቻ ነው። የእህታቸው ልጅ አልማዝ አጎቷን ያየችው በሕፃንነቷ ነው፣ ምንም ልትነግረኝ አልቻለችም። የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እባክሽ ኮፍያ አታድርጊባቸው። ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ነው።»

መስኮታቸው ሥር፣ ግድግዳው ላይ ካሉት ፊቶች መሐል ተቀመጥኩ። የእኔው ባለፂም ሰውዬ ከራስጌዬ ነው። ሦስት ጊዜ ሳልኩ፣ ሦስት ጊዜም የወጣሁት እኔ ነኝ፤ አንዱ ላይማ የእናቴ አፍ ጭምር ነበረበት። ቀና ብዬ ባለፂሙን ሳየው አልወደድኩትም። ከዚያ እንዳሉት አደረግኩ፣ ወረቀቱን ገለበጥኩት። ቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ክንዴን ዘርግቼ፣ ይቀመጡበት የነበረውን ባዶ ወንበር በእርሳሴ ለካሁ። ጀማል በር ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። «ቢስሚላህ» ሲል ሰማሁት። ወረቀቱን መልሼ ሳቆመው ጋሽ በላቸው ነበሩ።

ጆሯቸውን ግን አይቼው አላውቅም፤ ሁለቱንም እኩል አድርጌ በግምት ሳልኩት። ከዚያ በእሳቸው ምላጭ እርሳሴን ቀርጬ ወደ ድንኳኑ ይዤ ወጣሁና ሰው እያየኝ ሁለቱን ነጥቦች ደፈንኩ። መጀመሪያ የጮኸችው አልማዝ ናት። እኔም አለቀስኩ፤ ለማንም እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ስዕሉ ካርቶን ላይ ተለጥፎ፣ መስታወት ሳይደረግበት፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ እማማ አስካለ ወደ ድንኳኑ ገቡ። አንዲት ሴት እጃቸውን ይዛለች። ቀና ስትል አወቅኳት። ግንባሯ የእናቷ፣ አገጯ የእህቷ ነው። የግራ ዓይኗ ቆብ ወርዶ ብሌኑን በከፊል ሸፍኖታል። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ያንን ስዕል ያውቀዋል። አቶ ግርማ የያዙት ብርጭቆ ከእጃቸው ወደቀ።

«ትናንት ማታ ገባች» አሉኝ እማማ አስካለ። «አሥረዋት ኖሮ በአውሮፕላን መለሷት። ጎሕ ሲቀድ ላሳያቸው ይዣት ስወጣ ነው አረፉ ያሉኝ። ሲስተርዬ፣ በአንድ ቀን ቀደሙኝ።»

ሰብለ ስለ ዓይኗ ስጠይቃት፣ እዚያ በጠና ታማ ሆስፒታል ተኝታ እንደነበረና ከዚያ ስትነሳ እንደዚህ እንደሆነ ነገረችኝ። የነርቭ ነው፣ ብዙ አይቻለሁ፣ እንዲህ ያደርጋል። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት።

እማማ አስካለ ስዕሉ ፊት ቆሙ። ከዚያ እጄን ያዙኝ። «ክፈችላቸው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ለእኔዋ እንደተዉላት፣ አንቺም ነጥባቸውን ክፈችላቸው። ማን ያውቃል።»

ላጲሱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ልክፈት ብል ከባድ አይደለም፣ አንዴ ነካ ማድረግ ነው። ፈለግኩም፣ አልዋሽም። ግን እሳቸው ስንት ለቅሶ ቤት ተቀምጠው፣ ስንት እናት እያየቻቸው፣ እውነት ስለሆነ፣ ነጥቡን ደፍነዋል። ባልደፈኑባት አንዲት ነጥብም ከተማው ሁሉ ፊቱን ሲያዞርባቸው ችለዋል።

«አይመጡም፣ እማማ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ተቀመጡ።

ሰብለ ግን አልተቀመጠችም። አንድ ዓይኗን ጨፍና ስዕሉን ታየው ነበር። «የግራ ጆሯቸው ትንሽ ዝቅ ይላል» አለች። «ጫፉም የለም።»

«የት ታውቂያቸዋለሽ?» አልኳት። የገዛ ድምፄ ከሩቅ መሰለኝ።

«ሆስፒታል ሳለሁ። አልጋዬ ግርጌ ቁጭ ይሉ ነበር፣ ባዶ ራሳቸውን። ሐኪም መስለውኝ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው፣ እንደዚህ» አለችና ክንዷን ዘረጋች፣ በባዶ እጇ የሌለ እርሳስ ቀጥ አድርጋ አቆመች። «ፊቴ ይቀዘቅዘኝ ነበር። ሁልጊዜ በግራ ጎናቸው ነው የማያቸው።»

ዞር ብዬ ትናንት ሬሳውን የገነዙትን አቶ ሙላትን ፈለግኳቸው። ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ኮፍያውን ያወለቅኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ለሰው አልተናገርኩም። ልክ ናት፣ የግራው ዝቅ ይላል። ጫፉም ቆረጥ ያለ ነው።»

ከቤተ ክርስቲያን ደወል ተሰማ፣ ሰዉም ለመነሳት መዘገጃጀት ጀመረ። ስዕሉን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ። ሰብለ አጠገቤ ተንበርክካ፣ ትንሽ ወረድ፣ ትንሽ ወደ ኋላ እያለች አሳየችኝ። ላጲሴን አወጣሁና የግራ ጆሯቸውን ዝቅ አደረግኩት፣ ጫፉንም አጠፋሁት። ዓይናቸውን አልነካሁም።